በጋራ ያቀረብነው አቤቱታ ለምን ተመለሰ? ለከተማችን የፖሊስ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን ፖሊስ የበላይ ኃላፊዎች
ለከተማችን ምክር ቤት አባላት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በፖሊስ አባላት ላይ በጋራ ያቀረብነው አቤቱታ ተመዝግቦ እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

እኛ በባሕር ዳር ከተማ በባለሦስት እግር ተሽከርካሪ፣ በተለምዶ ባጃጅ በሚባለው፣ ሕዝብ በማመላለስ የምንተዳደር አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድንጽፍ ያደረገን፣ በአንዳንድ የፖሊስ አባላት ላይ ያዘጋጀነውን የጋራ አቤቱታ ይዘን ወደ አንድ ፖሊስ ጣቢያ በሄድን ጊዜ የተሰጠን መልስ ነው። ማመልከቻውን የተቀበሉን ኃላፊ የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው ፊርማዎቹን ካዩ በኋላ፣ ሌላውን ሳያነቡ፣ «በጅምላ የሚቀርብ አቤቱታ አንቀበልም፤ ተበደልኩ የሚል በግሉ ይምጣና ይናገር» ብለው ወረቀቱን መለሱልን። ይህንኑ መልስ በጽሑፍ እንዲሰጡን ጠየቅን፤ አልሰጡንም። ቢያንስ መምጣታችን በመዝገብ እንዲሰፍርልን ለመንን፤ እሱም አልሆነም። የጣቢያውንም የኃላፊውንም ስም እዚህ አንጠቅስም፤ ዝርዝሩ በማመልከቻችን ውስጥ ስላለ ሊያጣራ ለሚፈልግ አካል በማንኛውም ጊዜ እናቀርባለን።

«በግላችሁ ኑ» የሚለው መልስ ለሰሚው አግባብ ያለው ይመስላል። በግላቸው የሄዱት ባልደረቦቻችን ምን እንደገጠማቸው ለሚያውቅ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ስለዚህ ከጉዳዮቹ የተወሰኑትን እንዘረዝራለን።

አንደኛው ታርጋና መንጃ ፈቃድ ያለ ደረሰኝ ስለመውሰድ ነው። አንድ ባልደረባችን ባለፈው ክረምት በዝናብ ሰዓት ከቅዳሜ ገበያ አጠገብ ተሳፋሪ ሲያወርድ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ በመጀመሪያ የባጃጁ ቁልፍ ተነቀለ፤ ቀጥሎ ታርጋው በመፍቻ ተፈታ። የቅጣት ወረቀት አልተቆረጠለትም። በማግሥቱ ታርጋውን ፍለጋ ጣቢያ ሲደርስ የቀረበለት ጥያቄ «ማን ነው የፈታብህ?» የሚል ነበር። ፖሊሱ በደንብ ልብሱ ላይ የዝናብ ልብስ ስለደረበ ስሙም መለያ ቁጥሩም አልታየም፤ በዚያ ሰዓት «ስምዎ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ጥፋት ሆኖ እንደሚቆጠር ባጃጅ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። የፖሊሱን ስም ካላመጣህ ቅሬታ የለህም ተባለ። ታርጋው በመጨረሻ የተገኘው በአንድ ክፍል ጥግ በተቀመጠ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ፣ ከሌሎች ታርጋዎች ጋር በሽቦ ታስሮ ነው። ከረጢቱ ወለሉ ላይ ተዘረገፈለትና «የራስህን ለይተህ ውሰድ» ተባለ። ማን እንደፈታው፣ መቼ እንደተፈታና በምን ምክንያት እንደተፈታ የሚገልጽ ቁራጭ ወረቀት እንኳ በአንዱም ላይ አልነበረም። ታርጋ የሌለው ባጃጅ ቆሞ ይውላል፤ ሹፌሩ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢና ባለንብረቱ የሚከፍለው ብድር ግን አብረው አይቆሙም። ባልደረባችን ስለጠፋበት የሥራ ጊዜ ቅሬታውን ሊቀጥል ሲል «ታርጋህን አግኝተህ የለም ወይ?» ተብሎ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ሁለተኛውና ከሁሉም የከበደን የእስር ጉዳይ ነው። አንድ ወጣት አሽከርካሪ ዓርብ ማታ ከአባይ ማዶ ሲመለስ ከአንድ የፖሊስ አባል ጋር ቃል ተለዋወጠና ወደ ጣቢያ ተወሰደ። ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ቁርስ ቋጥሮ ቢሄድ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ተብሎ እንደያዘ ተመለሰ። ለምን የለም እንደተባለ የገባን ዘግይቶ ነው፤ የልጁ ስም በእስረኞች መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ «ተመክረሃል፣ ሂድ» ተብሎ ተለቀቀ። ፍርድ ቤት አልቀረበም፣ ቃል አልሰጠም፣ ዋስ አልተጠራም፣ የተከሰሰበትም ነገር የለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው። ከአባይ ማዶ እስከ ፍርድ ቤት ሰው ስናመላልስ የምንውለው እኛ ስለሆንን መንገዱ ምን ያህል እንደሚፈጅ መመስከር እንችላለን። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም የሚል ቃል ደግሞ በአንቀጹ ውስጥ የለም። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በሕገ ወጥ መንገድ ሰው የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በወንጀል እንደሚጠየቅም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 423 ደንግጓል። በ48 ሰዓት ውስጥ ካልቀረበ ፍርድ ቤት ሰውየው እንዲፈታ እንዲያዝ መጠየቅ፣ ማለትም አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብም ይቻላል፤ ወንድሙ ይህን መብት አያውቀውም ነበር፤ ቢያውቀውስ «እዚህ የለም» የተባለን ሰው በየትኛው ጣቢያ አለ ብሎ ያመለክት ነበር?

ወጣቱ ከተፈታ በኋላ ቅሬታውን ለማቅረብ ወደዚያው ጣቢያ ሄደ። «ታስረህ እንደነበር በምን ታስረዳለህ?» ተባለ። መዝገቡን የሚይዘው ጣቢያው፣ ስሙን ሳይመዘግብ የቀረው ጣቢያው፣ ማስረጃ አምጣ የሚለውም ያው ጣቢያ ሆነ ማለት ነው። አብረውት ያደሩ ሰዎች ነበሩ፤ የአንዱንም ሙሉ ስም አልያዘም። በዚያ ሌሊት ስም መመዝገብ ማን ትዝ ይለዋል?

ሦስተኛው ስለ ድብደባና ስለ ሐኪም ማስረጃ ነው። አንድ ባልደረባችን በጣና ዳር ተራ ሲጠብቅ «ከዚህ ተነሣ» ተባለ፤ ለመነሣት ሞተሩን እስኪያስነሣ ድረስ ባለመታገሥ ክንዱን በዱላ ተመታ። ወደ ሕክምና ሄዶ ክንዱ ታሸገለት፤ የሚዋጥና የሚቀባ መድኃኒት ታዘዘለት። የጉዳቱን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲጻፍለት ሲጠይቅ ግን «ከፖሊስ ደብዳቤ አምጣ» ተባለ። ሁለት ሰዎች በጠብ ሲጎዳዱ ይህ አሠራር ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ማስረጃው ለክስ ስለሚውል መርማሪው ሊጠይቀው ይገባል እንበል። የመታው ፖሊስ ሲሆን ግን ተጎጂው ደብዳቤ የሚለምነው የመታውን ሰው የሥራ ባልደረባ ነው። «መርማሪው የለም»፣ «ማኅተም ያዡ ወጥቷል»፣ «ነገ ና» ሲባል ሰነበተ፤ ደብዳቤው ሳይጻፍ የክንዱ እብጠት ጎደለ፣ ሰንበሩም ጠፋ። አሁን በእጁ ያለው የመድኃኒት መግዣ ወረቀት ብቻ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ «ጊዜው የጸጥታ ጊዜ ነው» የሚል መልስ ደጋግመን ሰምተናል። በክልላችን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ታውጆ በጥር 2016 ዓ.ም. የተራዘመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የጊዜ ገደቡ አልፏል። አዋጁ በሥራ ላይ በነበረበት ወቅትም ቢሆን፣ ኢሰብዓዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 በአስቸኳይ ጊዜ ሊገደቡ የማይችሉ ተብለው በአንቀጽ 93 ከተዘረዘሩት አንዱ ነው። የጸጥታ ሥራ ከባድ እንደሆነ እኛም በመንገድ ላይ ስለምንውል እናየዋለን፤ ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ክንድ ግን ከጸጥታ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስካሁን ያስረዳን የለም።

ስለ «ሻይ» የሚጠየቀው ገንዘብ ብዙ አንጽፍም፤ የማያውቀው የለምና። ለምን ማንም ቀርቦ እንደማይናገር ግን ልብ ይባልልን። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ሰጪውንም ተቀባዩንም የሚያስጠይቅ በመሆኑ፣ ተገዶ የከፈለ ሹፌር አፉን ቢከፍት ራሱ ተከሳሽ እንዳይሆን ይፈራል። ለወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል ሕግ መኖሩን የነገረን የጣቢያ ሰው የለም። በመካከላችን ያሉት ጥቂት ሴት አሽከርካሪዎች ደግሞ በመንገድ ላይ የሚነገራቸውን ቃል ሁለት ሦስት ወንዶች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ፊት እንዲደግሙት ስለሚጠየቁ መናገሩን ትተውታል።

ክቡራን፣ በጋራ የቀረብነው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ዛሬ በግሉ ቀርቦ በስም የከሰሰ ሹፌር ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የከሰሰው ሰው በቆመበት መስቀለኛ መንገድ ማለፉ አይቀርም። ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይቆማል፤ ቦሎው፣ መብራቱ፣ ጎማው፣ የጎን መስታወቱ ተራ በተራ ይመረመራል፤ እንዲህ ዓይነት ምርመራ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጉድለት ያገኛል። ቅሬታ ካቀረቡት መካከል መስመር ለቀው መሸንቲና ዘንዘልማ ሄደው የሚሠሩ አሉ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይባል የነበረው በሌላ ዘመን ነው፤ ዛሬ ሕጉ ፖሊስ ይከሰሳል ይላል፤ አሠራሩ ግን ክሱን የሚቀበል ሰው አላዘጋጀም።

በጋራ የሚቀርብ አቤቱታ አይታይም የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ፈልገን አላገኘንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር በመሆን በሰላም የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘትን ጥያቄ ማኅበር የአባላቱን የጋራ ወይም የግል ጥቅም በመወከል፣ ወይም ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ቡድን ሊያቀርበው እንደሚችል በግልጽ ያስቀምጣል። በፍርድ ቤት ደጃፍ የተፈቀደው በፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ የሚከለከልበት ምክንያት ሊኖር አይችልም።

«በቃል ተናገሩና ሂዱ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 14 የሚቀርብ ክስ ወይም የክስ አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለአቅራቢውም ተነብቦለት እንዲፈርምበት ያዛል። አንቀጽ 22 የቀረበው ነገር ለፖሊስ አጠራጣሪ ቢመስለውም እንኳ ምርመራውን ከማካሄድ እንደማያግደው ይናገራል። ማመን አለማመን ከምርመራ በኋላ የሚመጣ ነው፤ እኛ የገጠመን ግን ምርመራው ሳይጀመር ያላመነ ጠረጴዛ ነው።

እስከዚያው ድረስ ለባልደረቦቻችን ያልነውን እዚህ መጻፍ እንፈልጋለን፤ በሌላ ሥራ ላይ ያለ የከተማችን ሰውም ይጠቀምበት ይሆናል። ነገሩ እንደተፈጸመ፣ ሳያድር፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የነበሩት ሰዎች ስምና የተነገረው ቃል ይጻፍ፤ የፖሊሱ ስም ባይታወቅ የቆመበት ቦታና የተረኛነት ሰዓቱ ከተጻፈ ማን እንደተመደበ የሚያውቀው መሥሪያ ቤቱ ነው። ጉዳት ካለ በዚያኑ ቀን ሕክምና ይኬድ፤ ማስረጃው ባይጻፍም የካርድ ቁጥሩ ይያዝ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ በፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፉታል፤ «በደል ደረሰብኝ» ከሚል ይልቅ የሆነውን ነገር በተራው እንዲጽፉ ይነገራቸው። አንዱ ቅጂ መዝገብ ቤት ሲገባ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይደረግ ከዚያ ክፍል አይወጣ። ጣቢያው አልቀበልም ካለ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም፤ በዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 16 መሠረት የወንጀል አቤቱታ ለዐቃቤ ሕግም ሊቀርብ ይችላል። ድርጊቱ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ሲሆን ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ የአስተዳደር በደል ሲሆን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል፤ ሁለቱም በ1992 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች የተቋቋሙና በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ያላቸው ናቸው። ለኮሚሽኑ የሚቀርብ አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቻላል፣ ክፍያም የለውም፤ ተበዳዩ መቅረብ ካልቻለ ወይም ከፈራ የትዳር ጓደኛው፣ የቤተሰቡ አባል፣ ወኪሉ ወይም ሌላ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ መንገድ እያወቅን ለእናንተ የምንጽፈው፣ የመጀመሪያው በር ከተዘጋ ሌሎቹን ማንኳኳት የሚችለው ሥራ ፈትቶ መዋል የሚችል ሰው ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የጋራ አቤቱታችን ተቀባይነት አግኝቶ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠው፤ ገቢ መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም ያረፈበት ቅጂም በእጃችን ይግባ። አይታይም የሚባል ከሆነ የሕግ መሠረቱ ተጠቅሶ በጽሑፍ ይነገረን። ከሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን እናስቀድማለን፤ ወረቀት በእጁ የሌለው ሰው ወደ በላይ አካልም ሆነ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበት መነሻ የለውምና።

በፖሊስ አባል ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ጣቢያ ውጭ የሚቀርብበት ክፍል ይመደብ፤ ቅሬታ የቀረበበት አባልና የቅርብ አለቃው በማጣራቱ ሥራ እጃቸው አይግባ። በዚያ ክፍል ሴቶችን የምታነጋግር ሴት ፖሊስ ትኑር። ቅሬታ በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚያገኝ ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ ይለጠፍ።

ታርጋ፣ መንጃ ፈቃድ ወይም ሊብሬ የሚይዝ ፖሊስ ስሙን፣ ቁጥሩንና ምክንያቱን የያዘ ደረሰኝ በቦታው ይስጥ፤ ያለ ደረሰኝ የተያዘ ያለ ክፍያ ይመለስ። ስምና መለያ ቁጥር በዝናብ ልብስም ላይ ይታይ፤ ባሕር ዳር ውስጥ ክረምት ረጅም ነው።

በፖሊስ ተመታሁ የሚል ሰው ለሐኪም ማስረጃ የሚያስፈልገውን ደብዳቤ ከዐቃቤ ሕግ የሚያገኝበት አሠራር ከጤና ተቋማት ጋር ተነጋግራችሁ ይዘርጋ። ማንኛውም የተያዘ ሰው ጣቢያ እንደደረሰ ስሙና ሰዓቱ በመዝገብ ይስፈር፤ የቤተሰብ አባል ሲጠይቅ መዝገቡ ታይቶ ይመለስለት፤ ዐቃቤ ሕግም መዝገቡንና ማረፊያ ክፍሎቹን ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ሳያሳውቅ ይጎብኝ።

ቅሬታ ያቀረበ አሽከርካሪ ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ተለይቶ ሲቆም ይህ ራሱን የቻለ ቅሬታ ሆኖ ይመዝገብ። ጥፋት ያጠፋ አባላችን አይቀጣ አላልንም፤ ሲቀጣ በደረሰኝ ይቀጣ፣ ቅጣቱንም የሚቃወምበት ቦታ ይኑረው።

የከተማችን ምክር ቤት አባላት ደግሞ ይህን ጉዳይ በስብሰባችሁ አንሥታችሁ፣ ባለፈው ዓመት በፖሊስ አባላት ላይ ስንት ቅሬታ ቀርቦ ስንቱ መልስ እንዳገኘ ከሚመለከተው ክፍል በሪፖርት እንድትጠይቁልን፣ ውጤቱንም ለሕዝብ እንድታሳውቁ እናመለክታለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ስለሚናገር ይህ ከእናንተ ሥልጣን ውጭ አይመስለንም።

የተመለሰው ማመልከቻ ከነፊርማዎቹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በድጋሚ ገቢ ይደረጋል። የማነጋገሪያ ቀን ከተቆረጠልን ተወካዮቻችን ምስክሮችን ይዘው ይቀርባሉ፤ መልሱ ግን በጽሑፍ እንዲሆንልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

በባሕር ዳር ከተማ የባለሦስት እግር ተሽከርካሪ አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች ተወካዮች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ቅርንጫፍ
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ